የእናቴን ስኳር ያመጣው የጨጓራ ባክቴሪያ ነውን?

ከሐዋሳ የጻፉልን የ46 ዓመት ጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ ይህን ይላል። የ70 ዓመት እናታቸው ከብዙ ዓመታት ወዲህ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ስላለባቸው ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። በቅርቡ ጨጓራቸውን እያቃጠለ ሲያስቸግራቸው ተመርምረው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ተገኘባቸውና ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ለ14 ቀን ታዘዘላቸው፤ መድኃኒቱን ግን ገና አልጀመሩም። የጠያቂያችን የእህት ልጅ ደግሞ ይኸው ባክቴሪያ የስኳር በሽታ እንደሚያመጣ አንብቦ «መድኃኒቱን ቤተሰቡ በሙሉ ይውሰድ» የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ጠያቂያችን ራሳቸው በአንድ ክሊኒክ በደም ተመርምረው ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ሆኗል፤ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳራቸውም 112 ነው። «እናቴን ለስኳር የዳረጋት ይህ ባክቴሪያ ነው ወይ? እኔስ ቶሎ ባጠፋው ከስኳር እተርፋለሁ? ልጆቼስ መታከም አለባቸው?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ጎረቤት ተልባና አብሽ በማር እንዲወስዱ የመከራቸው መሆኑንም በመጨረሻ ጠቅሰዋል።

የተከበሩ ጠያቂያችን፣

ወደ ጥያቄዎችዎ ከመግባቴ በፊት እርስዎ ያላነሡትን፣ እኔን ግን ከደብዳቤዎ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝን ጉዳይ ላስቀድም። እናትዎ የሚወስዱት ግሊቤንክላማይድ ቆሽት የደም ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን፣ አብዝቶ እንዲያመነጭ የሚገፋፋ መድኃኒት ነው፤ አሁን የታዘዘላቸው ክላሪትሮማይሲን ደግሞ ግሊቤንክላማይድ በደም ውስጥ ከተለመደው መጠን በላይ እንዲከማች ሊያደርግ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲወሰዱ ስኳር በድንገትና በኃይል የመውረድ አደጋ አለ። አደጋው በሕክምናው ዓለም የታወቀ ሲሆን፣ በዕድሜ በገፉ፣ ኩላሊታቸው በደከመና ጨጓራቸው ስለሚያማቸው ምግብ በቀነሱ ሰዎች ላይ ይበረታል። የጨጓራውን መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያና የስኳሩን ክትትል የሚያደርግ ባለሙያ በተለያየ ቦታ በሚገኙበት ሁኔታ አንዱ የሌላውን ማዘዣ ሳያይ መቅረቱ ያለ ነገር ነው፤ በመካከላቸው ያለው ሰው ታካሚው ወይም እንደ እርስዎ ያለ አስታማሚ ብቻ ነው።

ስለዚህ እናትዎ የመጀመሪያውን ኪኒን ከመዋጣቸው በፊት የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ የደም ግፊትና የኮሌስትሮልም ካሉ እነርሱን ጨምረው፣ ከነማሸጊያቸው ይዘው ያዘዘላቸውን ሐኪም ያነጋግሩ። የኮሌስትሮሉን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሲምቫስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ከክላሪትሮማይሲን ጋር ጨርሶ መወሰድ የለበትም። ሐኪሙ ክላሪትሮማይሲኑን በሌላ ሊተካው፣ የግሊቤንክላማይዱን መጠን ለሕክምናው ጊዜ ሊቀንሰው ወይም በሌላ የስኳር መድኃኒት ሊለውጠው፣ አለዚያም ስኳራቸውን በቀን ደጋግመው እየለኩ እንዲቀጥሉ ሊያዝ ይችላል። የትኛው እንደሚሻል የሚወሰነው የኩላሊታቸው ሁኔታና የስኳራቸው መጠን ታይቶ ስለሆነ፣ በደብዳቤ የሚመለስ አይደለም፤ እርስዎም በራስዎ ውሳኔ አንዱን መድኃኒት አያስቁሟቸው።

በሕክምናው ቀናት እናትዎ ላብ ላብ ካላቸው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ልባቸው በፍጥነት ከመታ፣ ድንገት በኃይል ከራባቸው ወይም ንግግራቸውና አስተያየታቸው ከተምታታ ስኳራቸው ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ይለኩላቸው። ውጤቱ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ በእጅዎ ከሌለና ምልክቱ ከታየ፣ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም ደግመው ይለኩ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ግሊቤንክላማይድ በሰውነት ውስጥ ለረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ከፍ ያለው ስኳር ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ስለሆነም ነቃ ካሉ በኋላም ቢሆን ሐኪም ሳያያቸው «ተሻላቸው» ብሎ ማስተኛት አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። የእህትዎ ልጅ ያነበበው ከባዶ የተነሣ ወሬ አይደለም። የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀት፣ ከቅመምና ከአሲድ ብዛት ነው ይባል በነበረበት ዘመን፣ በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ የፓቶሎጂ ሐኪሙ ሮቢን ዋረንና ወጣቱ ሐኪም ባሪ ማርሻል ከሕሙማን ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ጠምዛዛ ባክቴሪያ አግኝተው በ1982 በላቦራቶሪ ማራባት ቻሉ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማርሻል የሚያምናቸው ሰው ሲያጡ በ1984 ባክቴሪያውን ራሳቸው ጠጡት፤ ጨጓራቸውም ተቆጥቶ ታመሙ። በ2005 ሁለቱ ሐኪሞች ለዚህ ግኝት የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በጨጓራ አሲድ ውስጥ ምንም ነገር አይኖርም ይባል የነበረው ስሕተት ሆኖ ከተገኘ ወዲህ፣ ባክቴሪያው ከጨጓራ ውጭ ባለው የሰውነት ክፍል ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ በየአቅጣጫው ተነሥቷል፤ ስኳርም አንዱ ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ሁለት ጥናቶች በ2012 የታተሙ ናቸው። አንደኛውን የሠሩት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመላው አሜሪካ ከሚካሄደው የጤናና የአመጋገብ ዳሰሳ የተገኘውን መረጃ ሲመረምሩ፣ ባክቴሪያው የነበረባቸው ሰዎች የሦስት ወር አማካይ ስኳር (ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ) ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሆኖ አገኙት፤ ልዩነቱም ክብደታቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ሁለተኛው ጥናት በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ አካባቢ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑና ሲጀመር ስኳር ያልነበረባቸው 782 የላቲን አሜሪካ ተወላጆችን ለዓመታት ተከታተለ። በደማቸው የባክቴሪያው ምልክት የተገኘባቸው ሰዎች በስኳር የመያዝ ዕድል ካልተገኘባቸው 2.7 እጥፍ ያህል ነበር። በዚሁ ጥናት እንደ ሄርፒስ ቫይረስና ቶክሶፕላዝማ ያሉ ሌሎች ሥር የሰደዱ ኢንፌክሽኖችም አብረው የተመረመሩ ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዱም ከስኳር ጋር ግንኙነት አልታየበትም። ይህ ሁለተኛው ጥናት ክብደት የሚሰጠው፣ በአንድ ቀን የታየውን ብቻ ከመመዝገብ ይልቅ ቀድሞ ባክቴሪያው፣ ኋላ ስኳሩ መምጣቱን በመከታተሉ ነው።

ነገሩ እንዴት ሊሆን ይችላል ለሚለው ደግሞ ተመራማሪዎች የሚያቀርቡት መልስ በዋነኛነት ሁለት ነው። ባክቴሪያው ዩሪያን ወደ አሞኒያ እየቀየረ ራሱን ከአሲድ እየጠበቀ በጨጓራ ግድግዳ ላይ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ የጨጓራው ግድግዳ እንደተቆጣ ይቆያል፤ ከዚህ ብግነት የሚመነጩ ኬሚካሎችም ወደ ደም ገብተው ጡንቻና ጉበት ለኢንሱሊን የሚሰጡትን ምላሽ ሊያዳክሙ ይችላሉ። በሌላ በኩል ጨጓራ ምግብ ማብሰያ ብቻ ሳይሆን ሆርሞን አመንጪም ነው፤ የረሃብን ስሜት የሚቀሰቅሰው ግሬሊንና የጥጋብን ስሜት የሚያግዘው ሌፕቲን ከዚያም ይመነጫሉ፤ የተቆጣ ጨጓራ የእነዚህን ሚዛን ሊያዛባ ይችላል። ሁለቱም ማብራሪያዎች አሳማኝ ናቸው፤ አሳማኝ ማብራሪያ ግን በሕክምና ውስጥ ማስረጃን አይተካም።

ለእናትዎ ሕመም ጥፋቱን በባክቴሪያው ላይ ለመጣል የማያስችሉ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ኤች ፓይሎሪ በዓለም ሕዝብ ግማሽ በሚሆነው፣ በአገራችንም በተመሳሳይ ሁኔታ ከሁለት ሰዎች በአንዱ ገደማ ላይ የሚገኝ ባክቴሪያ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ስኳር የለባቸውም፤ ባክቴሪያው ሳይኖርባቸው ስኳር የያዛቸውም እጅግ ብዙ ናቸው። ባክቴሪያው የሚበዛው በተጣበበ ቤት ባደጉ፣ ንጹሕ ውኃ ባላገኙና ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ነው፤ የዕድሜ መግፋትና የኑሮ ሁኔታ ደግሞ በራሳቸው የስኳርን ዕድል ይለውጣሉ። ተመራማሪዎች እነዚህን በስሌት ለማጣራት ቢሞክሩም፣ የሰው ልጅ ኑሮ በስሌት ተጣርቶ አያልቅም። የአንዳንድ አገሮች ጥናቶችም ግንኙነቱን ፈልገው አላገኙትም። ከሁሉም በላይ የሚመዝነው ግን ይህ ነው፦ ባክቴሪያው በእርግጥ ስኳርን የሚያመጣ ከሆነ፣ ባክቴሪያውን ማጥፋት ስኳርን ማሻሻል ነበረበት። ይህን የሞከሩ ጥናቶች ውጤት የተለያየ ነው፤ በአንዳንዶቹ ስኳር በጥቂቱ ሲሻሻል በሌሎቹ ምንም ለውጥ አልታየም። በዚህም ምክንያት የስኳር ሕክምና መመሪያዎች ስኳርን ለመከላከልም ሆነ ለማከም ሲባል ብቻ ይህን ባክቴሪያ አጥፉ አይሉም።

ከራሳችን ሕዝብ ታሪክ የሚወሰድ አንድ ማስረጃም እዚህ ላይ ይናገራል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ሲደርሱ የስኳር በሽታ እጅግ ጥቂት የሚታይባቸው ነበሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር በሽታው በፍጥነት መጨመሩን የእስራኤል ሐኪሞች መዝግበዋል። ባክቴሪያው ግን በብዛት ከአገር ቤት ይዘውት የሄዱት ነው፤ በልጅነት የሚገባ ስለሆነ በገጠርም ሳሉ አብሯቸው ነበር። የተለወጠው ምግባቸው፣ እንቅስቃሴያቸውና ክብደታቸው ነው። ይህን ከኒውዮርኩ ጥናት ጋር አስተያይተው ቢያዩት፣ ባክቴሪያው ብቻውን ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ክብደት ሲጨምር ብቻ ነገሩን የሚያባብስ ተባባሪ ሊሆን እንደሚችል ያስገምታል። እኔ የማዘነብለው ወደዚህ ነው። ይህ ግምት ትክክል ቢሆን እንኳ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ምክር አይለወጥም፤ ዋናው ሥራ ክብደቱ ላይ ይቀራል።

እንግዲህ ለመጀመሪያ ጥያቄዎ ያለኝ መልስ፣ የእናትዎን ስኳር ያመጣው ይህ ባክቴሪያ ነው ማለት አይቻልም የሚል ነው። በጨጓራ ሕመማቸው ላይ ግን ባክቴሪያው መታከም አለበት። ቁስለትን ከማምጣቱ በላይ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ የመደበው ባክቴሪያ ነውና፣ ለመታከም ስኳርን ምክንያት ማድረግ አያስፈልግም። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ሕክምናው የመሳካቱ ዕድል በመጠኑ ዝቅ እንደሚል ጥናቶች ስለሚያሳዩ፣ እናትዎ ኪኒናቸውን አንድም ሳያጎድሉ 14ቱን ቀን መጨረስ ይኖርባቸዋል። ለፔኒሲሊን አለርጂ ካለባቸው አሞክሲሲሊንም የዚያው ዘር ስለሆነ አስቀድመው ይናገሩ።

አሁን ስለ ራስዎ። በደም የተደረገው ምርመራ የሚያሳየው ሰውነትዎ ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው፤ አንቲቦዲው ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ያ «ፖዘቲቭ» ባክቴሪያው አሁን አለ ማለት ላይሆን ይችላል። አሁን መኖሩን የሚያረጋግጡት የሰገራ አንቲጂን ምርመራ፣ የትንፋሽ ምርመራ ወይም በኢንዶስኮፒ (በአፍ በኩል ወደ ጨጓራ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) የሚወሰድ ናሙና ናቸው፤ በቀላሉ የሚገኘውና ዋጋውም የሚቀለው የሰገራው ነው። በቅርቡ ኦሜፕራዞል ወይም መሰል መድኃኒት ወስደው ከሆነ ከሁለት ሳምንት በፊት ማቆም፣ አንቲባዮቲክ ወስደው ከሆነም ቢያንስ አራት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊወጣ ይችላል። በትክክል መኖሩ ከተረጋገጠና በተለይ ጨጓራዎን የሚያምዎት ከሆነ ይታከሙ፤ ለጨጓራዎ ብለው እንጂ ለስኳርዎ ብለው አይሁን።

ከእናትዎ ማዘዣ ላይ ተካፍሎ መውሰድን ግን ፈጽሞ አልደግፍም። ለአንድ ሰው የተሰላ መድኃኒት ለቤተሰብ ሲከፋፈል ለማንም ሙሉ አይሆንም፤ የቀረው ባክቴሪያም መድኃኒቱን ይለማመድና በሚቀጥለው ጊዜ አይበገርም። ክላሪትሮማይሲንን የተላመደ ኤች ፓይሎሪ በብዙ አገሮች ከወዲሁ ትልቅ ችግር ሆኗል። እናትዎም በበኩላቸው ያልተሟላ ሕክምና ወስደው ከነሕመማቸው ይቀራሉ።

የ112ቱ ውጤትዎ ትኩረት የሚገባው ነው፤ እንዲያውም ከባክቴሪያው የበለጠ። ቢያንስ ስምንት ሰዓት ያህል ሳይበሉ የተለካ ከሆነ ከ100 እስከ 125 ባለው ክልል ውስጥ ስለሚወድቅ ቅድመ-ስኳር ይባላል፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ስኳር ይሆናል። አንድ ጊዜ የተለካ ቁጥር ለውሳኔ አይበቃም፤ ሌላ ቀን በባዶ ሆድ ደግመው ያስለኩ፤ የሚቻል ከሆነም የሦስት ወር አማካዩን ይመርመሩ፤ በዚህኛው ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ቅድመ-ስኳር፣ ከ6.5 በመቶ ጀምሮ ስኳር ነው። እናትዎ ስኳር ያለባቸው መሆኑ በራሱ የእርስዎን ዕድል ከፍ ያደርገዋል፤ በእርግዝና ጊዜ ስኳር ታይቶብዎት ከነበረም ይህንኑ ለሐኪም ይንገሩ።

ከስኳር እተርፋለሁ ወይ ላሉት፣ ብዙ ተስፋ የሚሰጥ ማስረጃ አለ፤ ከአንቲባዮቲክ ጋር ግን አይገናኝም። በአሜሪካ ቅድመ-ስኳር ያለባቸው 3,234 ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2002 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደገፉት ሰዎች በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31 በመቶ። ሰማንያ ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ የማይሞላ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ለሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ 150 ደቂቃውን ይሞላል። በምግብ በኩል ደግሞ በሻይና በቡና የሚገባውን ስኳርና ለስላሳ መጠጥን መተው፣ እንጀራውን ቀንሶ ጎመኑን፣ ምስሩንና ሽሮውን ማብዛት ነው፤ ጤፍ ጥሩ እህል ቢሆንም እንደልብ ሲበላ ስኳርን ከፍ ማድረጉ አይቀርም።

ልጆችዎን በተመለከተ፣ የሕፃናት ሐኪሞች መመሪያ የሕመም ምልክት የሌለበትን ልጅ መመርመርንም ሆነ ማከምን አይመክርም። ባክቴሪያው በብዛት የሚገባው በልጅነትና በቤተሰብ ውስጥ፣ ከአፍ ወደ አፍ ወይም በሰገራ ከተበከለ ውኃና ምግብ ነው፤ ስለዚህ የእጅ መታጠብና የንጹሕ ውኃ ጉዳይ ከኪኒኑ ይቀድማል። ለሕፃን ምግብ አኝኮ ማጉረስ በየቤቱ ያለ ልማድ ነውና እርሱን ቢያስቀሩት መልካም ነው። በታጠበ እጅ የሚሰጥ ጉርሻን ግን ከማዕድ የሚያስወጣ ምክንያት አላየሁም። ከልጆቹ አንዱ ውኃ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ሽንት የሚያበዛና የሚከሳ ከሆነ በዚያው ቀን ስኳሩ ይለካ፤ በልጆች ላይ የሚመጣው የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ሰውነት የራሱን ቆሽት በማጥቃቱ የሚመጣ ስለሆነ እስካሁን የተነጋገርንበት ጉዳይ አይመለከተውም።

ተልባና አብሽ ጨጓራን ያለሰልሳሉ፤ ብዙ ሰው እፎይታ ያገኝባቸዋል፤ ባክቴሪያውን ግን ያጠፋሉ የሚያስብል ማስረጃ የለም። ለእናትዎ ከሆነ ማሩን ይተውት፤ ማር ለስኳር ሕመምተኛ ስኳር ነው። አብሽም በብዛት ሲወሰድ የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ከላይ በተነጋገርንበት የመድኃኒት ጊዜ ውስጥ አዲስ ልማድ አድርገው አይጀምሩት።

ጨጓራ የሚያማቸው የስኳር ሕሙማን ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላም ነገር አለ። እናትዎ የሚሰማቸው ሁሉ ከባክቴሪያው ላይሆን ይችላል። ሜትፎርሚን በራሱ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መነፋትና ተቅማጥ ያመጣል፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ወይም ቀስ ብሎ በሚሟሟው ዓይነት ሲተካ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ስኳር ለረጅም ዓመታት ሲቆይ ደግሞ የጨጓራን ነርቮች ስለሚጎዳ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም፤ ሰውየው ጥቂት በልቶ ይጠግባል፣ ይነፋዋል፣ ያስመልሰዋል። ይህ በአንቲባዮቲክ አይድንም። ሦስተኛውና አስፈሪው ልብ ነው፤ ስኳር ያለባቸው ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሲጀምራቸው ደረታቸውን ሳያማቸው ከእምብርት በላይ ሊያቃጥላቸው፣ ሊያልባቸውና ሊያቅለሸልሻቸው ይችላል። እንዲህ ያለው ሕመም በድንገት ከመጣ፣ በተለይ ትንፋሽ ከማጠር ጋር፣ «ያው ጨጓራዬ ነው» ተብሎ ኦሜፕራዞል እየዋጡ የሚታደርበት አይደለም። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሳቸው፣ ምግብ መዋጥ ካቃታቸው ወይም ሳያስቡት ክብደታቸው ከቀነሰም ሳይዘገዩ ኢንዶስኮፒ ወደሚገኝበት ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

የሕክምናው 14 ቀን ካለቀ በኋላ ባክቴሪያው መጥፋቱ መረጋገጥ አለበት። ማረጋገጫው በደም ሳይሆን በሰገራ ወይም በትንፋሽ ይሁን፤ የመጨረሻው አንቲባዮቲክ ከተወሰደ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞሉ ከቆመም ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ይደረግ። በዚያው ቀጠሮ የቫይታሚን ቢ12 መጠናቸው እንዲታይ ይጠይቁ፤ የቆየ የጨጓራ ብግነት፣ ሜትፎርሚንና ኦሜፕራዞል ሦስቱም ቢ12ን የሚቀንሱ ናቸው፤ ጉድለቱ የሚያመጣው የእግር መደንዘዝና ማቃጠልም ከስኳር ጉዳት ጋር ስለሚመሳሰል ሳይታወቅ ይቆያል። የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸውን ከሕክምናው በፊትና ከሦስት ወር በኋላ ቢያስለኩ ደግሞ ለሐኪማቸው ጠቃሚ መረጃ ይሆናል። ቁጥሩ ወርዶ ቢያገኙት ደስ ይበልዎት፤ የስኳር መድኃኒታቸውን መጠን ግን ሐኪማቸው አይቶ እስኪወስን ድረስ እንዳለ ይቀጥሉበት።